«ቻይው፣ ይለመዳል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የሰርግ ወር ሲገባ ከሚዜ ስልክ ወደ ሙሽሪት ስልክ የሚተላለፍ ምክር አይጠፋም። ዘንድሮ እየዞረ ያለው ከመጀመሪያው ሌሊት በኋላ ስለሚሰማ ህመም የሚያወራ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። የጸሐፊው ስም የለበትም። ለእኔም «እውነት ነው እንዴ?» እያሉ የላኩልኝ አሉ። ፋርማሲስት ነኝ። ከባንኮኒ ጀርባ የሚቆም ሰው፣ ሰርግ ባለፈ ሰኞና ማክሰኞ በሹክሹክታ ምን ምን እንደሚጠየቅ ያውቃል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። የመጀመሪያ ግንኙነት የግድ ያማል፣ የግድ ይደማል፤ ያልደማች ጉዳይ አላት። በማግስቱ ካልተደገመ ቁስሉ መልሶ ይገጥማል። ውስጥን በጨው ውሃ ወይም በዴቶል ማጠብ ያስፈልጋል። ድርቀት ካለ ቫዝሊን ወይም ቅቤ ይበቃል። እንዳያመረቅዝ አሞክሳሲሊን መዋጥ ነው። ሽንት ቢያቃጥል በራሱ ያልፋል። በመጀመሪያ ቀን አይረገዝም። ህመሙ ወራት ቢቆይም ቻይው፣ ይለመዳል። በመጨረሻም፦ የሁለታችሁ ምስጢር ነው፣ ለማንም እንዳትናገሩ።

ሁሉም ስህተት ነው አልልም። ለብ ያለ ውሃ ጥሩ ነው ይላል፤ ልክ ነው። ሙሽሪት ትረፍ ይላል፤ እሱም ልክ ነው፣ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ «በማግስቱ ድገሙት» ባይል ኖሮ።

በደሙ ልጀምር። ብዙዎቻችን ድንግልናን የምናስበው እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ በሩን የዘጋ ነገር አድርገን ነው። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ የወር አበባ በየት በኩል ይወጣ ነበር? ነገሩ ስስና የሚለጠጥ ሥጋ ነው። የብልትን መግቢያ ዙሪያውን ይዞ መሃሉ ክፍት ነው። ቅርጹ ከሴት ሴት ይለያያል። የአንዷ ሰፊ ክፍተት አለው፣ የሌላዋ ጠበብ ይላል፣ አንዳንዷ ደግሞ ስትፈጠርም ያላት ጥቂት ነው። የደም ሥሩም ብዙ አይደለም። ስለዚህ አንዷ ላይ ይለጠጥና ያልፋል፣ ጠብታ ደም አይታይም። ሌላዋ ላይ ጫፉ ትንሽ ይሰነጠቃል፣ ደም ትንሽ ጠብ ይላል። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ፈጽሞ የተዘጋባት ሴት ብትኖር እንኳ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ይታወቃል። የወር አበባ ሳይፈስ በየወሩ ሆዷን ይቆርጣታል፤ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይከፈታል።

ዓይቶ መለየትም አይቻልም፤ ሐኪምም ቢሆን። በፈረንጆቹ 2004 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የ36 ነፍሰ ጡር ታዳጊዎችን የምርመራ ምስል አገላብጦ ነበር። ግንኙነት ተፈጽሟል ብሎ በእርግጠኝነት የሚያስደፍር ምልክት የተገኘው በ2ቱ ላይ ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር ናቸው እኮ! የዓለም ጤና ድርጅትና ሁለት የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በኦክቶበር 2018 «የድንግልና ምርመራ ይቁም፣ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም» ያሉት በዋዛ አይደለም።

የብር አምባሩ ጭፈራ፣ ለእናት ለአባት የሚታየው ደም የነካው ጨርቅ፣ የሚዜዎች ጉጉት፣ ይሄ ሁሉ ያደግንበት ነው። ባህሉን ልሰድብ አልተነሳሁም። ግን ከጤና አንጻር አንድ ነገር መናገር አለብኝ። «ደም ካልታየ ምን እባላለሁ?» የሚለው ፍርሃት ራሱ ሰው ያቆስላል። ሙሽራው ደም እስኪያይ ይገፋል። ሙሽሪትም «ያልጮህኩ እንደሆነ ይጠረጥረኛል» ብላ መቆም የነበረበትን ነገር ችላ ታልፋለች። ያኔ የሚመጣው ደም የድንግልና ሳይሆን የጉዳት ነው።

ታዲያ ህመሙ ከየት ይመጣል? አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገር፦ ከድርቀት፣ ከፍርሃት፣ ከጥድፊያ። የሴት አካል ለግንኙነት ሲዘጋጅ በራሱ ይረጥባል፣ ውስጡም ሰፋ ይላል። ለዚህ ግን ጊዜና መረጋጋት ይፈልጋል። የሰርግ ሌሊት ምን እንደሚመስል ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ሙሽሪት ከንጋት ጀምሮ ፀጉር ቤት ናት። ከዚያ ለፎቶ መናፈሻ፣ ከዚያ አዳራሽ። እህል በቅጡ አልቀመሰችም። እግሯ በታኮ ጫማ አብጧል። ሙሽራው ከአሜሪካ የመጣና የዕረፍቱ ቀን የተቆጠረ ከሆነማ ጥድፊያው ሌላ ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰውነት ይኮማተራል። የዳሌ ወለል ጡንቻ ሳታዝዘው ይጠብቃል። በደረቅና በጠበቀ ነገር ላይ ግፊት ሲጨመር ቆዳው ይፋቃል፤ በተለይ ከመግቢያው በታች በኩል ያለው ስስ ቆዳ ቶሎ ይሰነጠቃል። በማግስቱ ስትቀመጪ የሚነካሽ፣ ስትሸኚ የሚለበልብሽ እሱ ነው።

የመጀመሪያው መድኃኒት እንግዲህ ከፋርማሲ አይገዛም። ግንኙነቱ የግድ በሰርጉ ሌሊት መሆን የለበትም። ተኙ። ነገም ቀን ነው፣ ከነገ ወዲያም። ሲያምሽ «ቆይ» በይ፤ አንተም «ቆይ» ስትባል ቁም። ይሄ ለማንም ሙሽራ ውርደት አይደለም።

አሁን በጣም ወዳስቆጣኝ ነጥብ ልሂድ። «በማግስቱ ካልተደገመ መልሶ ይገጥማል።» ይህን ከሰፈር አዋቂዎችም ሰምቼዋለሁ። አይገጥምም። የተሰነጠቀ ጫፍ ይድናል እንጂ ተመልሶ ተሰፍቶ በር አይዘጋም። ጥሬ ቁስል ላይ መደጋገም የሚያመጣው ሌላ ነው። ስንጥቁ ይሰፋል፣ ያብጣል፣ ለኢንፌክሽን ይጋለጣል። ቁስል በኤችአይቪና በሌሎች የአባላዘር በሽታዎች የመያዝ ዕድልንም ከፍ ያደርጋል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ጭንቅላት የሚማረው ትምህርት ነው። ሰውነቷ «ይሄ ነገር ያማል» ብሎ ይይዝና በሚቀጥለው ጊዜ ገና ሳይነካት ይኮማተራል።

መቼ ነው ታዲያ የሚደገመው? ስትራመጂ፣ ስትቀመጪና ስትሸኚ የማይሰማሽ ሲሆን። እና ስትፈልጊ። ለአንዳንዷ ሁለት ሦስት ቀን ነው፣ ለሌላዋ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ። የጫጉላው ቀን ቢያልቅ ትዳሩ አያልቅም።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ጨርሶ የዘለለው ጉዳይ አለ። «ይገጥማል» የሚለው ፍርሃት እውነተኛ መሠረት ያለው በአንድ ቦታ ነው፤ ብልታቸው በልጅነት ተቆርጦ በተሰፋ ሴቶች ላይ። በፈረንጆቹ 2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው መገረዛቸውን አሳይቷል። የሚሰፋው ዓይነት ከእነዚህ ጥቂቶቹ ሲሆን በብዛት የሚታየው በሶማሌና በአፋር አካባቢ ነው። በሕጋችንም ወንጀል ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 565 መግረዝን፣ አንቀጽ 566 መስፋትን ያስቀጣል። ለተሰፋች ሴት «ለሁለት ቀን ቻይው» ብሎ ምክር የለም። በግፊትም፣ በምላጭም የሚከፈት ነገር አይደለም። ደም ሊፈሳት ይችላል። ከሰርጉ በፊት ሆስፒታል ሄዳ በማደንዘዣ፣ በሠለጠነ ባለሙያ ይከፈትላታል። ተመልሶ እንዳይገጣጠምም ጠርዙ ለየብቻው ይሰፋል። ሳይሰፋ የተገረዘችም ብትሆን ጠባሳው እንደ ጤነኛ ቆዳ አይለጠጥም፤ ህመሙ ሊበረታባት ይችላል። ይህ የእሷ ጥፋት አይደለም።

ወደ ማጠቡ እንምጣ። የጨው ውሃ፣ ዴቶል፣ ሎሚ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጤና አዳም ይጨምራል። ዓላማው ንጽሕና ነው፣ ይገባኛል። ግን የሴት ብልት ውስጡ ራሱን ያጸዳል። እዚያ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱ አካባቢውን መጠነኛ አሲድ አድርገው ይጠብቁታል፤ ፒኤች የሚባለው ልኬት ከ3.8 እስከ 4.5 ባለው መካከል ነው። ዴቶል ስትጨምሪበት መጀመሪያ የሚሞቱት ጠባቂዎቹ ናቸው። ከዚያ ማሳከክና ሽታ ያለው ፈሳሽ ይከተላል። ያኔ ሴትየዋ «አልጸዳሁም» ብላ ደግማ ታጥባለች፤ ይብስባታል። ዴቶል ለወለልና ለዕቃ ይሁንልሽ። የተፋቀ ቆዳ ላይ እሳት ነው።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። የሰርግ ሰሞን ነው፣ ማክሰኞ ረፋድ። አንድ ወጣት ገባና ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ የጥርስ ሳሙናዎቹን ያገላብጥ ጀመር። ጣቱ ላይ ያለውን አዲስ ቀለበት ያዟዙራል። ሰው ሲያልቅ ጠጋ አለና «እህቴ፣ ለቁስል የሚሆን አሞክሳሲሊን ስጪኝ» አለኝ።

«ለማን ነው?»

«ለራሴ።»

«የቱ ጋ ነው ቁስሉ?»

ዝም። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «ለባለቤቴ ነው» አለ። ራይድ ውስጥ ተቀምጣ እየጠበቀችው ነበር። ሄጄ በመስኮት አነጋገርኳት። አንድ ጎኗ ላይ ተደግፋ ነው የተቀመጠችው፤ ቀጥ ማለት አልቻለችም። ለካ ጽሑፉን አንብበው ዴቶል በሳፋ በጥብጠው ጠዋትና ማታ ስትዘፈዘፍበት ነው የከረመችው። መጠኑን ጠየቅኳት፤ በክዳን አይደለም፣ «እፍስስ አድርጌ» አለች። ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ነገርኳቸው። ያየቻት አዋላጅ ነርስ የሚሰፋ ስንጥቅ አላገኘችም። የተቃጠለ ቆዳ ነው ያገኘችው። ከሌሊቱ ህመም ይልቅ ያሰቃያት መድኃኒት ተብሎ የተሰጣት ነገር ነበር።

ትክክለኛው አያያዝ አሰልቺ እስኪሆን ድረስ ቀላል ነው። ንጹሕ ሳፋ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ሌላ ምንም የለበትም። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተቀመጪበት፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። ሲያልቅ በንጹሕ ፎጣ ጠብ ጠብ አድርጊ እንጂ አትፈትጊ። በመጀመሪያው ቀን እብጠት ካለ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ በፓንት ላይ ከውጭ ለ10 ደቂቃ ያዥው። በረዶውን ቆዳ ላይ በቀጥታ አታድርጊ። ሰፋ ያለ የጥጥ ፓንት ልበሺ፣ ማታ ያለ ፓንት ብትተኚም ጥሩ ነው። ሽቶ ያለው ሳሙናና ሽቶ ያለው ሞዴስ ለጊዜው ይቅር።

ማስታገሻ መውሰድ ነውር አይደለም። 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በየስድስት ሰዓቱ፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይበልጥም። የጉበት ችግር ያለባት ግን መጀመሪያ ትጠይቅ። እብጠትና ቁርጠት ካለ አይቡፕሮፌን ይሻላል፣ ምግብ ላይ። ጨጓራ የሚያማት፣ አስም ወይም የኩላሊት ችግር ያለባት፣ ነፍሰ ጡር ልትሆን የምትችልም አይቡፕሮፌን ሳትወስድ ትጠይቅ። አስፕሪን ግን ይቅር፤ ደምን ስለሚያቀጥን መድማትን ያብሳል።

ቫዝሊንና ቅቤ በሁለት መስመር ያልቃሉ። ቅባት ኮንዶምን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳሳዋል፣ ይቀደዳል። ቅቤ ደግሞ የወጥ ነው። ፋርማሲ ገብታችሁ ውሃነት ያለው ማለስለሻ ጄል አለ ወይ በሉ፤ ኬዋይ ጄል ብላችሁ ብትጠይቁም ይገባናል። ማንም አይስቅባችሁም። ድርቀት የፍቅር ማነስ ምልክት ነው የሚል ሙሽራ ካለ ለእሱም ንገሩልኝ፦ አይደለም።

አሞክሳሲሊኑን በተመለከተ፣ ትንሽ ስንጥቅ ያለ አንቲባዮቲክ ይድናል። በዘፈቀደ የተዋጠ አንቲባዮቲክ ቀድሜ ያልኳቸውን ጠባቂ ባክቴሪያዎች ይጨርስና ፈንገስ ይነሳል። ነጭ፣ እርጎ መሳይ ፈሳሽና እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ ነው። አንዷን ህመም ሁለት ማድረግ ማለት ይሄ ነው።

የሽንቱ ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ጽሑፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጓቸዋል። አንደኛው፣ ሽንቱ የተፋቀውን ቆዳ ሲነካ ከውጭ የሚለበልበው ነው። እሱ በእርግጥ በራሱ ያልፋል። ስትሸኚ ለብ ያለ ውሃ በጆግ ከላይ እያፈሰስሽ ብትሸኚ ማቃጠሉ ወዲያው ይቀንሳል። ውሃም በደንብ ጠጪ። ሽንት ሲወፍር ነው የሚብሰው። «እንዳያቃጥለኝ» ብሎ ውሃ መተው ተቃራኒውን ያመጣል።

ሁለተኛው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። የሴት የሽንት ቧንቧ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በግንኙነት ወቅት ከፊንጢጣ አካባቢ ያለ ባክቴሪያ በቀላሉ ወደ ፊኛ ይገባል። ስለዚህ አዲስ ሙሽሮችን አዘውትሮ ይይዛል። ምልክቱ ይለያል። ማቃጠሉ ከውስጥ ነው። ሽንት ሽንት ይልሻል፣ ስትሄጂ ጠብታ ነው። ከእምብርት በታች ይከብድሻል። ሽንቱ ሊደፈርስ ወይም ደም ሊቀላቀልበት ይችላል። ይሄ ምርመራና ትክክለኛ መድኃኒት ይፈልጋል። አሞክሳሲሊን ብዙ ጊዜ አይሠራለትም፤ ዋናው አምጪ ባክቴሪያ በሰፊው ተላምዶታል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የጎን ህመም ከተጨመረ ወደ ኩላሊት እየወጣ ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ ወደ ሕክምና ነው። ለመከላከል ከግንኙነት በኋላ ሽንት መሽናት ይረዳል። አልጋው ሞቅ ቢልም ተነሺ።

«በመጀመሪያ ቀን አይረገዝም» የሚለውን የጻፈው ሰው ስንት እርግዝና ላይ እንደፈረደ ማን ያውቃል። ይረገዛል። መርገዝ ካልፈለጋችሁና መከላከያ ካልነበረ ፖስት ፒል እስከ 72 ሰዓት ድረስ ይወሰዳል፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። አንድ ማስታወሻ ልጨምር። ፖስት ፒል ራሱ ትንሽ ደም ሊያሳይ፣ ሆድ ሊቆርጥ፣ የወር አበባን ቀን ሊያዛባ ይችላል። ከቁስሉ ደም ጋር አታምታቺው። ከኤችአይቪ ግን አይከላከልም።

ጽሑፉ ስለ ሙሽራው አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም። ወንድም ይጎዳል። በድርቀትና በጥድፊያ የእሱም ቆዳ ይፋቃል። ከብልቱ ጫፍ በታች ያለችው ስስ ጅማት ልትቀደድና ከመጠኗ በላይ ልትደማ ትችላለች። በንጹሕ ጨርቅ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሳያነሱ መጫን፣ ካልቆመ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። እስኪድን ለእሱም ዕረፍት ነው። ደግሞ አንድ የማልወደው ነገር አለ። ለጫጉላ ብለው ቪያግራ የሚጠይቁኝ ሃያዎቹ ውስጥ ያሉ ጤነኛ ልጆች። የእናንተ ችግር ጭንቀት ነው እንጂ የደም ዝውውር አይደለም። መድኃኒቱ ግንኙነቱን ባስረዘመው ቁጥር ገና ያልለመደችውን ልጅ ነው የሚያቆስለው። የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል።

«ወራት ቢቆይም ቻይው» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጽሑፉ ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት በኋላ ህመሙ መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ ምክንያት አለው። ፈንገስ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በአግባቡ ያልዳነ ስንጥቅ፣ የመገረዝ ጠባሳ፣ ከውስጥ የሚያም የማህፀን ችግር ሊሆንም ይችላል። በግንኙነት ጊዜ በጥልቀት የሚሰማ፣ ከወር አበባ ቁርጠት ጋር የሚመሳሰል ህመም መግቢያው ላይ ከሚለበልበው ይለያል። ለሐኪም ስትነግሪ «መግቢያው ላይ ነው» ወይም «ከውስጥ ነው» ብለሽ መለየትሽ ግማሽ ምርመራ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን እኛ ዘንድ አብዝቶ የሚሸሸገው አንድ ነው። ጡንቻው ጨርሶ የማይከፈትላቸው ሴቶች አሉ። ግድግዳ የተገተረ ይመስል ምንም አይገባም። ሴቷ ባሏን ትወደዋለች፣ ትፈልጋለችም፤ ሰውነቷ ግን እሺ አይልም። ሐኪሞች ቫጂኒስመስ ይሉታል። ቤተሰብ የሚለው ሌላ ነው፦ «እምቢ ብላ ነው»፣ «ሌላ ወዳ ነው»፣ «ዓይነ ጥላ ነው»። አንዳንዱ ትዳር በዚህ ምክንያት ያላግባብ ይፈርሳል። ጸበሉን የሚከለክል የለም፣ ሂዱ። ግን ሐኪምም ጋ ሂዱ፤ ሕክምና አለው፣ ብዙ ሴቶችም ይድናሉ። በቀስታ የመተንፈስና የዳሌ ወለል ጡንቻን የማላላት ልምምድ አለ። ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚሄድ ማለማመጃ አለ፤ ሴቷ ራሷ፣ በራሷ እጅ፣ በራሷ ፍጥነት የምትጠቀምበት። የምክር አገልግሎትም አብሮ ይሰጣል። በዚያ ጊዜ ባልየው «አንሞክርም፣ አንቺ እስክትይ» ማለት ከቻለ ከየትኛውም ጄል በላይ ይረዳታል። «ቻይው» ግን መድኃኒት ሳይሆን በሽታውን የሚያጠነክር ነው። ህመሙ በተቻለ ቁጥር ጡንቻው የበለጠ ይኮማተራል።

ለሊት ተነስቶ ወደ ድንገተኛ የሚያስኬደውን ጽሑፉ ስላልጠቀሰ እኔ ልጥቀሰው። በሞዴስ ላይ የምትታይ ጠብታ ለአንድ ሁለት ቀን ብትኖር አያስደነግጥም። ሞዴሱ በአንድ ሰዓት ሞልቶ ከረጠበ፣ የረጋ ደም ከወረደ፣ ካዞረሽ ወይም ላብ ላብ ካለሽ ግን ጠዋትን አትጠብቂ። ውስጥ ጠለቅ ያለ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል፣ መሰፋት አለበት። መኪና እስኪመጣ ተጋደሚ፣ ንጹሕ ሞዴስ ከውጭ ጫን አድርገሽ ያዢ። ጥጥም ጨርቅም ወደ ውስጥ አታስገቢ። ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ትኩሳትና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣ፣ የታችኛው ሆድ ህመም ከበረታም እንደዚሁ።

የቀረው «ምስጢር ነው፣ ለማንም እንዳትናገሩ» የሚለው ነው። ለጎረቤት አትንገሩ፣ እስማማለሁ። ለሐኪም ግን ምስጢር የለም። ባለሙያው ደግሞ የሰማውን ይዞ ለመቀመጥ በሙያው ይገደዳል። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ሴት ባለሙያ ትየኝ ማለት ትችያለሽ። ካርድ ክፍል ላይ ታሪኩን መዘርዘር የለብሽም፤ «የማህፀን ክፍል ነው የምፈልገው» ይበቃል። ውስጥ ስትገቢ መቼ እንደነበረ፣ የቱ ጋ እንደሚያም፣ ምን እንደተቀባሽና እንደታጠብሽ ንገሪያቸው። ዴቶሉንም አትደብቂ።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንዱ «የመጀመሪያ ሌሊት ህመም» በፈቃድ ከተደረገ ነገር የመጣ አይደለም። ተገዳ የተደፈረች ልጅ ይህን ዓይነት ጽሑፍ አንብባ «ምስጢር ነው» ብላ ቤቷ ከተኛች የምታጣው ብዙ ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ለ28 ቀንም ይወሰዳል። የእርግዝና መከላከያውም ጊዜ አይሰጥም። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናው፣ ፖሊሱና የሕግ ድጋፉ በአንድ ቦታ የሚገኝበት ማዕከል አለው። ሳይታጠቡና ልብስ ሳይቀይሩ መሄድ ይመረጣል። ከቀየረችም ልብሱን በወረቀት ጠቅልላ ትያዝ፤ ታጥባም ከሆነ ትሂድ፣ ሕክምናው አይቀርባትም።

የጽሑፉ ባለቤት ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ በቅን ልብ ጽፈውት ይሆናል። ይህን ካነበቡ አንድ ልመና አለኝ። የሚቀጥለው ሰርግ ቅዳሜ ነው። ሌላው ቢቀር የዴቶሉንና «በማግስቱ ድገሙት» የሚለውን አንቀጽ ከዚያ በፊት ያንሱልን።